የጥጉ ሰዓት

«ጩጬ፣ እስቲ ነይማ። እዚህ ጥግ ላይ ሰዓቱ ስንት ይላል?»

ጩጬ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ አስገብታ፣ ሌላውን በካልሲ እንዳለ ቀጥ አለች። ድምፁ የመጣው ከሳሎኑ ጥግ፣ ከኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ነው። አክስቷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አንገቷን ወደ ፊት ሰገግ፣ መልሳ ወደ ኋላ ሳብ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈን እያደረገች ስክሪኑን ታያለች። ጩጬ በአንድ ጫማ እያነከሰች ሄዳ አነበበችላት። አንድ ከሃያ ይላል።

«አንድ ከሃያ» አለች አክስቷ በቀስታ። «ትናንት ጠዋት እኮ እዚሁ ቁጭ ብዬ ራሴ አንብቤዋለሁ።»

ጩጬ ዓይኗን ከስክሪኑ አነሳች። ሁለተኛውን ጫማዋን ሳታስር አጥልቃ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። በሩን ስትዘጋ አክስቷ አሁንም አልተነሳችም፤ ሌላኛውን ዓይኗን ሸፍና ነበር።

ጩጬ የሚለው ስም የወጣላት ገና በጨቅላነቷ ነው። አሁን አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት፣ በቁመት እናቷን አልፋ፣ የእናቷ ጫማ እንኳ ጠቧት ስሙ ግን ሊለቃት አልቻለም። ቤቱ የሦስት ሴቶች ቤት ነው፤ ዳቦ ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራው እናቷ፣ የእናቷ ታላቅ እህትና እሷ። አክስቷን ሁሉም ሰው «እታለም» ይላታል። የሰፈሩ ባለሱቅ ሳይቀር እንደዚያ ነው የሚጠራት።

እታለም ከቤት ሳትወጣ ነው የምትሠራው። አንድ የሬዲዮ ጣቢያ አዛውንቶች ስለ ሕይወታቸው ሲያወሩ እየቀዳ ይልክላታል፤ እሷ ደግሞ ሄድፎኗን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ቃል በቃል ትጽፈዋለች። ከጠረጴዛው ሥር እንደ ልብስ ስፌት መኪና ያለች ትንሽ መርገጫ አለቻት። ስትረግጣት ድምፁ ይሄዳል፣ እግሯን ስታነሳ ይቆማል። ማታ እራት ላይ የዕለቱን ሰው አስመስላ ታወራዋለች። በየቃሉ መሐል የሚያስለውን ሾፌር፣ የሞተ ባሏን ስም ላለመጥራት «ያ ጉደኛ» እያለች ሙሉ ሰዓት ያወራችውን ባልቴት፣ ሁሉንም ታመጣቸዋለች። እናትና ልጅ ሲስቁ ምግቡ ይቀዘቅዛል።

ዓይኗ መድከም የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ዳር ዳሩን ታያለች፤ የሚደበዝዝባት መሐሉ ነው። ያን ጊዜ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ ኮምፒውተሩን በራሷ ዓይን ልክ አሰፋችው ቢባል ይቀላል። ዛሬ ፊደሉን ትንሽ ጨመር፣ ነገ ደግሞ ቀነስ እያደረገች ወር ሙሉ ፈጀባት። በመጨረሻ ዴስክቶፑ ድቅድቅ ጥቁር ሆነ፤ በላዩ ላይ ፊደሉ ቢጫ፣ የማውሱ ቀስት አውራ ጣት የሚያክል። ምልክቶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ በሦስቱ ጥግ አንድ አንድ። በአራተኛው ጥግ፣ ከታች በቀኝ በኩል፣ ሰዓቱ ተቀመጠ። «አሁን ልክክ አለልኝ» አለች እታለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤቱ ሕግ አንድ ነበር፤ በኮምፒውተሩ ተጠቀሙ፣ መልኩን ግን እንዳትነኩብኝ።

ሰዓቱ ደግሞ ሰዓት ብቻ አልነበረም። ክትትል የምታደርግበት የዓይን ክሊኒክ ግድግዳ ላይ ሹካ የሚመስሉ ምልክቶች የተደረደሩበት ሰንጠረዥ አለ። ፈተናው እያንዳንዱ ሹካ አፉን ወደየት እንዳዞረ መናገር ነው። ከዚህ በፊት ካነበበችው ሁለት መስመር ካነሰች ዓይኗ ውስጥ በመርፌ መድኃኒት መሰጠት እንዳለበት ሐኪሟ ነግራታለች። እታለም ክንዷን ስትወጋ እንኳ ፊቷን የምታዞር ሰው ናት። ስለዚህ ሰንጠረዡን በቃሏ ያዘችው። ዕድሜዋን የሰው ንግግር ስትጽፍ ለኖረች ሴት ይሄ ምን አላት። እቃ ስታጥብ ሁሉ «ላይ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ግራ» እያለች እንደ ዘፈን ትወርደዋለች፤ ጩጬና እናቷም አብረው ይቀበሏታል።

«ሐኪሟን አታልላለሁ እንጂ ራሴን አላታልልም» ትላለች እታለም። ለራሷ ያስቀረችው ፈተና የጥጉ ሰዓት ነበር። በየጠዋቱ ወንበሯን የምንጣፉ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ወገቧን አቅንታ ታነበዋለች። ካነበበችው ዓይኗ ካለበት አልተነቃነቀም ማለት ነው። ማንበብ ያቃታት ቀን ቁርጧን እንደምታውቅ ለጩጬ ደጋግማ ነግራታለች።

ያ ቀን ዛሬ ሐሙስ መጣ። ያመጣችው ደግሞ ጩጬ ናት።

ትናንት ረቡዕ ከሰዓት የሆነውን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ጩጬና ፋሽን። ፋሽን የክፍሏ ልጅ ናት። ሁሉም የሚለብሰው ዩኒፎርም እሷ ላይ ሲሆን ከመጽሔት የወጣ ስለሚመስል ነው ስሙ የወጣላት። ሁለቱ የቡድን ሥራ ደርሷቸው ስለ ውሃ ዑደት ፖስተር መሥራት ነበረባቸው። ፋሽን እነ ጩጬ ቤት ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። ጩጬ ሳሎኑን ጠርጋ፣ የሶፋውን ቅዳጅ በትራስ ሸፍና፣ የእናቷን የሥራ ጫማ ከበር ላይ አንስታ ነው የጠበቀቻት። ኮምፒውተሩ ግን አልታሰባትም።

ስክሪኑ ሲበራ ፋሽን ከት ብላ ሳቀች። «ምንድነው ይሄ? የመንገድ ምልክት ነው እንዴ?»

የጩጬ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። የአክስቴ ነው፣ ዓይኗን ስለሚያማት ነው ማለት ይበቃ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እሷ ግን «ተበላሽቶ ነው» አለች።

ተበላሽቶ ከሆነማ ቀላል ነው አለች ፋሽን። የእነሱም ቤት ኮምፒውተር እንደዚህ ተዘበራርቆ ወንድሟ ሪሴት አድርጎ ነው ያስተካከለው፤ እሷም አጠገቡ ቁጭ ብላ አይታለች። ይህን እያለች ማውሱን ይዛ ሴቲንግ ውስጥ ገባች፤ ሁለት ሦስት ቦታ ጠቅ ጠቅ አደረገች። መሐል ላይ ሳጥን ብቅ አለ። የዴስክቶፑ ገጽታ በሙሉ መጀመሪያ ወደነበረበት ይመለሳል፣ አሁን ያለው አቀማመጥ ይጠፋል፣ ከዚያ በኋላ መቀልበስ አይቻልም ይላል። ከሥሩ «ይቅር» እና «ይቀጥል» የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉ።

«አንቺው ንኪው» አለች ፋሽን ማውሱን ወደ እሷ እየገፋች። «ኮምፒውተሩ የእናንተ ነው።»

ጩጬ ሳጥኑን ሁለት ጊዜ አነበበችው። አልገባኝም ልትል አትችልም። ከዚያ «ይቀጥል» የሚለውን ነካች።

ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ ነው የፈጀው። ጥቁሩ ጠፍቶ በምትኩ ሰማያዊ ሐይቅና ተራራ መጣ። ፊደሉ ቀጠነ፤ ምልክቶቹ አንሰው በግራ በኩል ተደረደሩ፤ ሰዓቱም ጥጉ ላይ ጉንዳን አከለ። «ይኸው፣ አሁን የሰው ኮምፒውተር መሰለ» አለች ፋሽን። ፖስተሩ አሪፍ ሆኖ ወጣ። ጩጬም ለዚያች አንድ ሰዓት ደስ ብሏት ነበር፤ ይሄ አይካድም።

ፋሽን ስትሄድ ግን ቤቱ ጭር አለ። እታለምና እናቷ ከገበያ ሊመለሱ ነው። ጩጬ ተንደርድራ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ጀርባውን መልሳ ጥቁር አደረገች፣ ፊደሉን ቢጫ። ቀስቱን አሳደገችው። ሦስቱን ምልክቶች እየጎተተች በሦስቱ ጥግ አስቀመጠች። የፊደሉ መጠን ስንት ነበር? የሰዓቱስ? ልኩን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እታለም ራሷ በዓይኗ ለካችው እንጂ በቁጥር አልያዘችውም። ጩጬ በግምት ከፍ ከፍ አደረገችው። ከዚያ በሩ ጋ ሄዳ ቆመችና ከሩቅ አየችው። ቁርጥ ያንን መሰላት። ያየችው ግን በራሷ፣ በአሥራ አራት ዓመት ዓይን ነው።

ሐሙስ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ነው ያደረገችው ነገር በደንብ የገባት። ስክሪኑን ከነሐይቁና ከነተራራው ትታው ቢሆን ኖሮ እታለም ገና ስታበራው ማን ነካብኝ ብላ ቤቱን ትበጠብጠው ነበር። ትቆጣለች፣ ሁለት ቀን ታኮርፋለች፣ ያልፋል። አሁን ግን መልኩ ያው ነው። መልኩ ያው ከሆነ ደግሞ ጥፋቱን ኮምፒውተሩ ላይ የሚፈልግ የለም። እታለም የፈለገችው ዓይኗ ላይ ነው። ያበላሸችውን መሸፈኗ ከማበላሸቷ የባሰ መሆኑን ስታስብ ጩጬ ደብተሯ ላይ ያለውን መስመር እንኳ ማየት አቃታት።

በእረፍት ሰዓት ለፋሽን ነገረቻት። ፋሽን የምትበላውን ብስኩት ከአፏ አወረደች።

«ቆይ፣ የአክስትሽ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?» አለች። «እኔ እኮ ብሰማ አልነካውም ነበር።»

ፋሽን የጩጬን ፊት አይታ አዘነችላት መሰል፣ ወዲያው ነገሩን ልታቀልላት ሞከረች። «አታካብጂ ባክሽ። ትንሽ ስትቆይ ዓይኗ ይለምደዋል። አሁን ሄደሽ ብትናገሪ ነው ቀውጢ የሚሆነው።» ጩጬም ልታምናት ፈለገች። ቀኑን ሙሉ ይለምደዋል፣ ይለምደዋል እያለች ዋለች።

ዓይን ግን አይለምድም። ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እታለም ገላዋን እየታጠበች ነበር፤ የውሃው ድምፅ ከመታጠቢያ ቤቱ ይሰማል። ጩጬ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ሳትናገር ማስተካከል ከቻለች ሁሉም ነገር እንዳልነበረ ይሆናል ብላ አሰበች። ፊደሉን ከፍ አደረገችው፤ ሰዓቱ ከቦታው ተርፎ ግማሹ ተቆረጠ። ዝቅ አደረገችው፤ በጣም አነሰ። እንደገና ከፍ ስታደርገው ውሃው ቆመ። ምኑን እንደገፋች ሳታውቅ ሁሉንም ዘግታ ተነሳች።

እታለም ጭንቅላቷን በፎጣ ጠምጥማ መጥታ ተቀመጠች። ሄድፎኑን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«ዛሬ ደግሞ ፊደሉ አበጠብኝ» አለች። «አንዱ በአንዱ ላይ ወጥቷል።»

ጩጬ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ ሐኪሟ ያለችውን እታለም ከክሊኒክ በመጣች ቁጥር እየደገመች ስለምትነግራቸው እሷም ሸምድዳዋለች። የሚያብጥ ወይም የሚጣመም ፊደል ያየች ቀን ሳትውል ሳታድር እንድትመጣ ነው የተባለችው። ጩጬ አንዱን የሌለ በሽታ ላጠፋ ብላ ሁለተኛ ጨመረችላት። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ እንዳለ፣ ውሃ ልጠጣ ብላ ወደ ማድቤት ሸሸች።

ከማድቤት ሆና ስልኩን ሰማች። እታለም መጀመሪያ ክሊኒኩ ደወለች፤ ሐኪሟ የምትገኘው ሰኞ ጠዋት እንደሆነ ተነገራት። ቀጥላ የሬዲዮ ፕሮግራሙ አዘጋጅ ጋ ደወለች። ከእንግዲህ እንደማትሠራ፣ በእጇ ያለውንም ለሌላ ሰው እንዲሰጡት ነገረችው። ሰውየው ብዙ ለመናት፤ ጥቂት ቀን አርፈሽ ተመለሽ፣ እኛ እንጠብቃለን ሳይላት አልቀረም። እሷ ግን አመስግና እንቢ አለች። «ጆሮዬ ደህና ነው ልጄ፤ የከዳኝ ዓይኔ ነው» ስትለው ጩጬ ብርጭቆውን እንደያዘች ሰማቻት።

ከዚያ እታለም ጎንበስ ብላ መርገጫዋን ከጠረጴዛው ሥር አወጣች። ሽቦዋን ጠቅልላ፣ አቧራዋን በጨርቅ ጠርጋ፣ በፎጣ ከሄድፎኑ ጋር አንድ ላይ ቋጠረቻትና ጣቢያው ሰው ሲልክ እንዲወስዳት በሩ አጠገብ አስቀመጠቻት። ጩጬ በወጣችና በገባች ቁጥር ያን ቋጠሮ ተሻግራ ነው የምታልፈው።

ማታ እራት ላይ እታለም ማንንም አላስመሰለችም። እታለም ሰሞኑን የያዘችው የአንድ ጡረተኛ ፖስተኛ ታሪክ ነበር፤ በውሻ ተባሮ ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ ውሻው ከታች አልሄድ ብሎት ሲቀር ነው ያቆመችው። ጩጬ ጸጥታውን መቋቋም ሲያቅታት ፖስተኛው መጨረሻው ምን እንደሆነ ጠየቀቻት።

«እንጃ» አለች እታለም። «እዚያው ጣሪያው ላይ ትቼው መጣሁ። ሌላ ሰው ያወርደዋል።»

በሌላ ቀን ቢሆን ሦስቱም በሳቁ ነበር።

ቅዳሜና እሑድ ጩጬ የሠራችውን ሥራ ዓመቱን ሙሉ አልሠራችውም። ሳይነገራት እቃ አጠበች፣ የእታለምን ጫማ ቀባች፣ መስኮቱን ወረቀት ነክራ ወለወለች። እናቷ ከፈረቃ ተመልሳ ይህን ስታይ ደንግጣ፣ ምን ሰብረሽ ነው አለቻት። ለቀልድ ነው የተናገረችው። ጩጬም እንደ ቀልድ ፈገግ ብላ አለፈች፤ ፊቷ ግን ይቃጠል ነበር።

በየጠዋቱ ደግሞ ሰዓቱን ታነብላታለች። እታለም አትጠራትም፤ ጩጬ ራሷ መጥታ ከወንበሩ ጀርባ ትቆምና ትነግራታለች። ይህን ማድረጓ ትንሽ ያቀልላት መስሏት ነበር። ባነበበች ቁጥር ግን ያንኑ ውሸት እንደ አዲስ የምትናገረው ያህል ከበዳት።

እሑድ ከሰዓት እናቷ ሥራ ስትሄድ ጩጬ ቆረጠች። እታለም ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ወደ መስኮቱ ታያለች። ጩጬ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ትራሱን አቅፋ «እታለም» ብላ ጀመረች።

እታለም ዞር ብላ ጉንጯን ዳበሰቻት። «አንቺ ባትኖሪ ሰሞኑን ማን ያነብልኝ ነበር» አለች። «እናትሽ ደክሟት ነው የምትገባው። አንቺን ግን አንድም ቀን አልሰለቸሁሽም።»

ጩጬ ትራሱን ወደ አገጯ ሳበች። እታለም ቀጠለች። ነገ ለሐኪሟ ሰዓቱ እንደጠፋባት፣ ፊደሉም እንዳበጠባት ልትነግራት ነው። መርፌውም ከሆነ ይሁን ብላለች፤ ምን ታደርግ። ይህን ስትል ድምጿ ጠንካራ ነበር፤ እጆቿ ግን ጭኗ ላይ እርስ በርስ ተያይዘው አልላቀቅ ብለዋል። ጩጬ እጆቿን አየቻቸውና ልትናገር የመጣችውን ትታ፣ ነገ አብሬሽ ልሂድ አለች። ፈሪ ነኝ ብላ ራሷን ሰደበች፤ ስድቡም ምንም አልፈየደላትም።

የክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል በፕላስቲክ ወንበር የተሞላ ነው። ፊት ለፊታቸው አንድ ሽማግሌ አንድ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ እንቅልፍ ይዟቸዋል። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ድምፅ ሳይኖረው ይሠራል። እታለም የጩጬን እጅ ይዛለች፤ መዳፏ አልቧታል። ሌላ ጊዜ እዚህ ስትቀመጥ ሰንጠረዡን እንዳትረሳው ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትከልሰዋለች፤ ጩጬም ሳቋን ትውጣለች። ዛሬ ግን ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። እንኳን ሰንጠረዡን፣ ጩጬንም ያሰበቻት አትመስልም ነበር።

ከውስጥ አንዲት ሴት ወጣች፤ ልጇ በክንዷ ደግፋታለች፣ ዓይኗ እንደ ሽማግሌው ዓይን ተሸፍኗል። እታለም ጨርቁን አየችው። እጇ ጩጬን አጥብቆ ያዛት።

ነርሷ የእታለምን ተራ ጠራች። እታለም ተነስታ ቀሚሷን አስተካከለችና «አንቺ እዚሁ ጠብቂኝ፤ ይሄ የልጅ ቦታ አይደለም» አለቻት። ጩጬ ተቀመጠች። እታለም ግድግዳውን በጣቷ እየነካች አራት አምስት እርምጃ ሄደች። ቤቷ ውስጥ እንኳ ግድግዳ ይዛ ሄዳ አታውቅም። ጩጬ ከወንበሯ ተነሳችና ደረሰችባት፤ የእታለምን እጅ ከግድግዳው አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገች። አብረው ገቡ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፀጉሯን በእስክሪብቶ ጠቅልላ አስይዛዋለች። ሰላምታ ሰጥታ እታለምን በክብር አስቀመጠቻት፣ እስክሪብቶዋንም ከፀጉሯ ላይ ነቀለች። እታለም ሰዓቱን ነገረቻት፤ ያበጠውን ፊደል ነገረቻት። ሥራዋንም እንደተወች ጨመረችላት፣ ይሄን ስትል ብቻ ድምጿ ሰለለ። ሐኪሟ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማቻት።

«መቼ ነው የጀመረዎት?» አለች።

«ሐሙስ ጠዋት።»

«ረቡዕ ከሰዓት ነው» አለች ጩጬ።

ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ። ጩጬ ከወንበሩ ጀርባ ቆማለች፤ የእታለም እጅ አሁንም ወደ ኋላ ተዘርግቶ ክንዷን እንደያዘ ነው። አንዴ አፏን ከከፈተች በኋላ ማቆም አልቻለችም። ሳጥኑን፣ «ይቀጥል» የሚለውን፣ ሐይቁንና ተራራውን፣ በግምት መመለሷን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገረች። የምታወራው ለሐኪሟ ይምሰል እንጂ የምታየው የእታለምን ማጅራት ነበር።

«ሰዓቱንም?» አለች እታለም ሳትዞር።

«ሰዓቱንም።»

«ዓርብ ያበጠውስ?»

«እሱም እኔ ነኝ። ላስተካክለው ብዬ ነው።»

«ለምን ነካሽው መጀመሪያውኑ?»

ጩጬ ከሁሉም የፈራችው ይህን ጥያቄ ነበር። ፋሽን ናት ያሳየችኝ ማለት ትችላለች፤ ውሸትም አይሆንም። «ልጅቷ ሳቀችበት» አለች። «ያንቺ ነው ለማለት አፈርኩ።»

እታለም እጇን ከጩጬ ክንድ ላይ አነሳችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ጩጬ እንድትቆጣት ጠበቀች፤ ብትቆጣት በወደደች። እታለም ግን እጇን ታይ ነበር።

ሐኪሟ ጉሮሮዋን ጠረገች። ነገሩ እንደዚህ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ምናልባት ዓይኑ ምንም አልሆነም፣ ለማንኛውም እንደ ሁልጊዜው ሰንጠረዡን እናንብብ አለች። ደህና ካነበቡልኝ መርፌ የሚባል ነገር አናነሳም ብላ ፈገግ አለችና የሰንጠረዡን መብራት አበራች። እታለም ግራ ዓይኗን ሸፈነች።

«ላይ፣ ቀኝ፣ ቀኝ...» ብላ ጀመረች። ጩጬ የቀረውን በልቧ ቀደመቻት፤ ታች፣ ግራ። እታለም ግን አልቀጠለችም። ሐኪሟ ይቀጥሉ አለቻት። እታለም መዳፏን ከዓይኗ ላይ ቀስ ብላ አወረደችው።

«ሌላ ሰንጠረዥ የለዎትም ዶክተር?» አለች። «ይሄን በቃሌ ነው የማውቀው። ከሸመደድኩት ጀምሮ አንድም ቀን አንብቤልዎት አላውቅም።»

ሐኪሟ አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ ተነስታ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ መክፈት ጀመረች። እታለም ፊቷን አላዞረችም። እጇን ብቻ ወደ ኋላ ሰደደችና የጩጬን እጅጌ ፈልጋ ያዘች።

«ነይ፣ አጠገቤ ቁሚ» አለቻት። «እንዳትነግሪኝ ግን።»

ጩጬ ከወንበሩ ጎን መጥታ ቆመች። ሐኪሟ አዲሱን ሰንጠረዥ ስትሰቅለው እንዳታየው ጩጬ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።